የማግኔት ዋልታ

የማግኔት ዋልታ የማግኔቱ የመሳብና የመግፋት ኃይል በርትቶ የሚታይበት ወገን ነው። ማግኔት በክር ሲንጠለጠል ወደ ሰሜን የሚዞረው ጫፉ ሰሜን ዋልታ፣ ወደ ደቡብ የሚዞረው ደቡብ ዋልታ ይባላል። ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ። ማግኔቱ ከመሐል ቢሰበር ሰሜኑ ወዲህ፣ ደቡቡ ወዲያ አይቀርም፤ እያንዳንዱ ስባሪ ሁለቱንም ዋልታ ይዞ ይገኛል። ይህን ፈረንሳዊው ፒየር ደ ማሪኩር እ.ኤ.አ. በ1269 በጻፈው ደብዳቤ ላይ አስፍሮታል።

ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስትድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። ፈረንሳዊው አምፔር ወዲያው ነገሩን ተቀብሎ ማግኔትነት የሚመነጨው በክብ ከሚዞር የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው አለ። የሽቦ ቀለበት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በአንድ ገጹ ሰሜን፣ በሌላው ደቡብ ይሆናል፤ ፊት ያለው ነገር ደግሞ ጀርባ አያጣም። ስለዚህ ዋልታ በማግኔቱ ጫፍ የተከማቸ፣ ተቆርጦ የሚወሰድ ነገር አይደለም። የብረት ማግኔትነት በአብዛኛው የሚመጣው ስፒን ከተባለው የኤሌክትሮኖች ተፈጥሯዊ ባሕርይ ነው፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ራሱ ባለሁለት ዋልታ ደቃቅ ማግኔት ነው። ብረቱን የቱንም ያህል ቢያደቁት ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም።

«ማግኔት ሁለት ዋልታ ብቻ አለው» የሚለው የትምህርት ቤት አባባል ግን እርማት ይፈልጋል። አራት፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ዋልታ ያለው ማግኔት መሥራት ይቻላል፤ በየፋብሪካውም ይሠራል። የማይቻለው ሰሜኑን ከደቡቡ ማስበለጥ ነው። እስካሁን በሚታወቅ ማግኔት ሁሉ ዋልታዎቹ ሲደመሩ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ትክክለኛው ሕግ ይህ ነው።

እኩልነቱን በቀላሉ ያሳየው እንግሊዛዊው የኮምፓስ ሠሪ ሮበርት ኖርማን ነው። በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ማግኔት የሆነ መርፌ በቡሽ ላይ ሰክቶ በውኃ ውስጥ አንሳፈፈ። መርፌው ዞሮ አቅጣጫውን ያዘ እንጂ ወደ ሰሜን አልሄደም። የመሬት ማግኔታዊ መስክ በመርፌው ርዝመት ልክ ያው አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ አንዱን ዋልታ ወደ ሰሜን የሚስበውን ያህል ሌላውን ወደ ደቡብ ይስበዋል። ነጠላ ዋልታ ቢሆን ኖሮ እየተጎተተ በሄደ ነበር።

ይህ የዋልታዎች እኩልነት በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍና ከኢትዮጵያ ጋር ባለው ድንበር ያለውን የሰሊጥ ሥራ ይነካል። ገዳሪፍ የሱዳን ዋና የሰሊጥ ገበያ ነው፤ መሬቱም፣ እንደ መተማና እንደ ሁመራ እርሻ ሁሉ፣ ጥቁር ዋልካ ነው። አፈሩ ከባዛልት ድንጋይ መፈራረስ ወይም እንደ አትባራና ሰቲት ያሉ ወንዞች ከኢትዮጵያ ደጋ ካወረዱት ደለል የመጣ ስለሆነ፣ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ማዕድን በደቃቁ ይዟል። ሰሊጡ በሂላ (በቆመ የነዶ ክምር) ደርቆ ሲራገፍ የአፈር ጓል ይቀላቀልበታል፤ መጠኑና ክብደቱ ከፍሬው ጋር የተቀራረበውን ጓል ወንፊትም ነፋስም አይለየውም። ሰሊጥ ለውጭ ገበያ በሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ይህን የሚለየው የማግኔት ማሽን ነው። ሰሊጡ በስስ ቀበቶ ላይ እየተጓዘ ብርቱ ማግኔት ባለው ጥቅል ጫፍ ሲደርስ ፍሬው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጓሉ ግን ከቀበቶው ጋር ተጣብቆ ዞሮ ከታች ይወድቃል።

ብርቱ ማግኔት ብቻውን ለዚህ አይበቃም። የጓሉ ማግኔታይት ሁለት ዋልታ ስላለው፣ እንደ ኖርማን መርፌ፣ በአንድ ዓይነት መስክ ውስጥ ይዞር እንደሆነ እንጂ አይሳብም። እንዲሳብ መስኩ በአጭር ርቀት በፍጥነት መለዋወጥ አለበት። ስለዚህ በጥቅሉ ላይ የማግኔትና የብረት ዝርግ ክቦች እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ ሰሜንና ደቡብ ዋልታም በየጥቂት ሚሊሜትሩ ይቀያየራል። ባለብዙ ዋልታ ማግኔት የሚሠራው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ባዛልቱ ሌላም ታሪክ ይዟል። ላቫ ሲቀዘቅዝ፣ ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ማግኔታይቱ የወቅቱን የመሬት መስክ አቅጣጫ ይይዛል። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚታየው፣ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ ድንጋይ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከፊሉ ላቫ የዛሬውን፣ ከፊሉ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይዞ ተገኝቷል። የመሬት ዋልታዎች ይቀያየራሉ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ቅያሬ የሆነው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በአካባቢው የዛሬውን መስክ ሲለካ የኖረው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957–58) በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ነው። አዲስ አበባ ከመግነጢሳዊው ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች መርፌ እዚያ አግድም ይተኛል፤ ገዳሪፍ ላይ ግን ሰሜን ጫፉ በትንሹ ወደ መሬት ያዘነብላል።

ነጠላ ዋልታ ጨርሶ ሊኖር አይችልም የሚል ሕግ ግን የለም። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ በ1931 እንዳሳየው፣ አንድ እንኳ ቢኖር የኤሌክትሪክ ሙል ለምን በእኩል እኩል ቁራሽ ብቻ እንደሚገኝ ይብራራ ነበር። የካቲት 14 ቀን 1982 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የብላስ ካብሬራ መሣሪያ ነጠላ ዋልታ ሲያልፍ የሚጠበቀውን ምልክት አንድ ጊዜ መዘገበ፤ ግን አልተደገመም። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን የተተከለውን ሞዳል የተባለ መመርመሪያ ጨምሮ እጅግ የሰፉ መመርመሪያዎች ከዚያ ወዲህ ፈልገዋል፤ አንድም ነጠላ ዋልታ መገኘቱ አልተረጋገጠም።