ፖታሲየም ከአፈር ወደ ሥር፤ የአንድ ጥያቄ ታሪክ

እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ፖታሲየምን ከፖታሽ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። ፖታሽ ከእንጨት አመድ ይገኝ ስለነበር ንጥረ ነገሩ በዕፀዋት አካል ውስጥ ለመኖሩ አመዱ ራሱ ምስክር ነበር። ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማዕድናት ለዕፀዋት ምግብነት አስፈላጊ መሆናቸውን አጥብቆ አስረዳ። ከዚህም የተነሣ የብዙዎች ጥያቄ «አፈሩ ምን ያህል አለው?» የሚል ሆነ። በአፈር ውስጥ መገኘትና ለሥር መድረስ ግን አንድ አይደሉም።

ጆን ቶማስ ዌይ በ1850 እንዳሳየው፣ አፈር የሟሟ ፖታሲየምን ይዞ በምትኩ ካልሲየም ይለቃል። አብዛኛው ፖታሲየም በማዕድናት ውስጥ እንደ ታሰረ ይኖራል፤ ጥቂቱ በሸክላ ቅንጣቶች ገጽ ላይ ይያዛል፤ እጅግ ጥቂቱ በአፈር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሥር የሚወስደው ይህንኑ የሟሟውን ነው። በሥሩ ዙሪያ ያለው ሲያልቅ፣ ሌላው ከበዛበት ወደ አነሰበት በዝግታ ይጓዛል። ጉዞው ከጥቂት ሚሊሜትር ስለማያልፍ የሥር ፀጉር ብዛትና የአፈር እርጥበት ወሳኝ ናቸው።

የሥሩን ድርሻ በተመለከተ ኤፕስታይንና ሄገን በ1952 በገብስ ሥር ላይ ያደረጉት ምርምር ይጠቀሳል። ንጥረ ነገሩ በውሃው ውስጥ ሲበዛ የአወሳሰዱ ፍጥነት እንደ ኤንዛይም ሥራ ከአንድ ወሰን እንደማያልፍ አሳዩ። በ1992 ደግሞ የፖታሲየም መተላለፊያ በር የሆኑ ፕሮቲኖች ጂኖች ከአራቢዶፕሲስ ተክል ተለይተው ታወቁ። ሕዋሱ የሃይድሮጂን አዮኖችን እየገፋ ስለሚያስወጣ ውስጡ አሉታዊ ሙል ይይዛል፤ ፖታሲየምም በዚሁ ይሳባል። ንጥረ ነገሩ እጅግ ሲያንስ ሌሎች ተሸካሚ ፕሮቲኖች ኃይል በሚጠይቅ መንገድ ያስገቡታል።

የጥያቄው ልዩነት ለኢትዮጵያ ገበሬ ቀላል አልነበረም። የቀደሙት ጥናቶች የሀገሪቱ አፈር በፖታሲየም የበለጸገ ነው የሚል እምነት ስላሳደሩ፣ ለብዙ ዓመታት የቀረበው ማዳበሪያ በአመዛኙ ዳፕና ዩሪያ ነበር፤ በሁለቱም ፖታሲየም የለም። በ2012 የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ግን እጥረት ያለባቸውን አካባቢዎች አመለከተ። በመረሬ አፈር የሸክላው ብዛትና የማግኒዥየም ሽሚያ ፖታሲየም ወደ ሥር እንዳይደርስ ሊያግዱ ይችላሉ። በእህል ሰብል አብዛኛው ፖታሲየም በገለባው ውስጥ ስለሚቀር፣ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱም ለማገዶ ሲውል እርሻው ሀብቱን ያጣል። ስለዚህ የአፈር ባለሙያ ምክር በአፈሩ ውስጥ ያለውን ከመቁጠር አልፎ፣ ሥሩ የሚያገኘውንና ከማሳው የሚወጣውን መመዘን ይኖርበታል።