ጢሱን ማን ለካው?

ያደግሁት ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ነው። አጠናውን ሰው እየገዛ ቤት ይሠራበታል፤ ቅርፊቱና ቅጠሉ ደግሞ የእኛ ማገዶ ነበር። እናቴ ሰባት ልጆች ያሳደገችው ራሷን በነጭ ሻሽ አስራ፣ ጢስ ውስጥ ተቀምጣ እንጀራ እየጋገረች ነው። ከዓመታት በፊት ሳል ሲጠናባት ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሩ «ማዘር፣ ለስንት ዓመት ጢስ ውስጥ ሠርተዋል?» ቢላት «ልጆቼን ቁጠርና ድረስበት» አለችው። ዶክተሩ ሣቀ፤ ካርዱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ግን አጣ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስለ መርከቦች ያነበብኩት ታሪክ ነው። ኮልፌንና ውቅያኖስን ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1832 ቻርለስ ዳርዊን የተሳፈረባት ቢግል የተባለችው መርከብ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ራቅ ብለው ወደሚገኙት የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ደረሰች። አየሩ ጉም የለበሰ ይመስል ነበር። ነገሩ ግን አቧራ ነው። በመርከቧ ምሰሶ ጫፍ፣ የነፋስ አቅጣጫ በሚያሳየው ነገር ላይ የነበረው ስስ ጨርቅ አቧራውን አጥልሎ ይዞት ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን አራግፎ ይተወው ነበር። ዳርዊን ግን አቧራውን ሰብስቦ አስቀመጠው፤ በኋላም ከሌሎች መርከቦች ከተገኘው ጋር በርሊን ለነበረው ለኤረንበርግ ላከለት።

ኤረንበርግ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 ከጓደኛው ከሄምፕሪክ ጋር ከግብፅ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ዞሯል። ሄምፕሪክ ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ፤ በአገራችን የሚገኝ አንድ ወፍ እስከዛሬ በሳይንሳዊ መጠሪያው የእሱን ስም ይዟል። በሕይወት የተመለሰው ኤረንበርግ ከመርከቦቹ በተሰበሰበው አቧራ ውስጥ በዓይን የማይታዩ 67 ዓይነት የሕያዋን ቅርጾች ቆጠረ። የሚያውቃቸውን የአፍሪካ ዓይነቶች ስላላገኘበት ግን አቧራው ከአፍሪካ መምጣቱን ተጠራጠረ። ተሳስቶ ነበር። ስህተቱን ማረም የተቻለው ታዲያ አቧራው ስላልተጣለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ያንኑ የተቀመጠ አቧራ እንደገና መርምሮ፣ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች ሳይቀር አግኝቶበታል።

ሁለተኛዋ መርከብ ካርኔጊ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1909 የምድርን መግነጢስ ለመለካት ስትሠራ፣ ብረቱ ልኬቱን እንዳያዛባ ተብሎ ባብዛኛው ከእንጨት ተሠራች። በየውቅያኖሱ ስትዞር አየሩ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ምን ያህል እንደሆነም ትመዘግብ ነበር። በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ፣ ሳይንቲስቶች ኤሮሶል የሚሉት፣ ሲበዛ ይህ አቅም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1929 መርከቧ ሳሞአ ላይ ፈንድታ ተቃጠለች፤ ካፒቴኗም ሞተ። መዝገቧ ግን ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ጥናት አዲሱን ልኬት ከዚያ መዝገብ ጋር ቢያስተያየው፣ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ደቃቁ ብናኝ በግምት እጥፍ ሆኗል፤ በደቡብ ፓስፊክ ግን ለውጥ አልታየም። ከፋብሪካው አገር የሚወጣው ጢስ ባሕሩ ላይ መድረሱ የታወቀው፣ የድሮው ቁጥር ተጽፎ ስለቆየ ነው።

ዛሬ ሥራው ቀላል ሆኗል። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ወደ ፀሐይ ያነጣጥራሉ፤ መሣሪያው ብናኙ ከብርሃኑ ምን ያህል እንዳስቀረ ይለካል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየመርከቡ የተሳፈሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ለናሳ የልኬት መረብ ቁጥር ሲሰበስቡ ኖረዋል።

ሰው በማይኖርበት ውቅያኖስ ላይ ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ወደ እኛ ሰፈር ስመለስ ቅር ይለኛል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ ተክሎ የአየሩን ብናኝ መጠን በየሰዓቱ ይፋ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ካሉት ኤምባሲዎቹ የሚመጣውን ቁጥር ማሠራጨት አቆመ። አንፈርድበትም፤ ሚዛኑ የእሱ ነው። የሰው ሚዛን ተውሶ የሚነግድ፣ ባለቤቱ በመጣ ቀን ሱቁን ይዘጋል።

እናቴ አሁን የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ወደ ድሮዋ ማድቤት ትመለሳለች። «ድሮ ይከፋ ነበር ወይስ ዘንድሮ?» ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ መዝገብ የለም። ልጆቼም ነገ ይህንኑ ይጠይቁኛል።

መዝገብ የለም አልኩ እንጂ አንድ ነበር፤ የእናቴ ሻሽ። ጋግራ ስትወጣ ነጩ ሻሽ ጢስ ጠጥቶ ቡናማ ይሆን ነበር። የቢግል ጨርቅ ከያዘው የሚያንስ አልነበረም። ልዩነቱ ዳርዊን አቧራውን አስቀመጠ፤ እኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና አጥበን እጣቢውን ደጅ ደፋነው።