የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ሰው እንዴት ይከሳል? የደሃ ደንብና የነጻ ሕግ ድጋፍ በየካና በእንጦጦ ዙሪያ

በፍትሐ ብሔር ክርክር ከሣሽ የሆነ ሰው ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት የገንዘብ መስኮት ፊት ይቀርባል። በዚያ መስኮት የሚከፈለው ገንዘብ «የዳኝነት ክፍያ» ይባላል፤ ካልተከፈለ መዝገብ አይከፈትም። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ የሚወርዱ እናቶች፣ በየካ ጠረፍ ሲያርሱ ኖረው መሬታቸው በከተማው መስፋፋት የተወሰደባቸው አርሶ አደሮች፣ በግንባታ ቦታዎች በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች መብታቸውን በፍርድ ቤት ለመጠየቅ ሲያስቡ ይህ መስኮት እንቅፋት ይሆንባቸዋል። ሕጉ ግን ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ለእነዚህ ሰዎች የተለየ በር አስቀምጧል።

የክፍያው መሠረት በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 215 ክስ ሲቀርብ የዳኝነት ክፍያ እንዲከፈል ያዝዛል። የክፍያውን ልክ ለረጅም ዘመን ሲወስን የኖረው ደግሞ ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ቀድሞ የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 177/1945 ነው። መርሑ ቀላል ነው፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ወይም የንብረቱ ግምት ከፍ ባለ ቁጥር ክፍያውም ከፍ ይላል።

ይህ መርሕ በከተማ ዳር ለሚኖር ሰው የተለየ ክብደት አለው። በኮተቤ ወይም በየካ አባዶ አቅራቢያ ከወላጆቿ የቀረ አንድ የጭቃ ቤት ላይ ከወንድሞቿ ጋር የምትከራከር ሴት ገቢ የሌላት ልትሆን ትችላለች፤ የቤቱ ግምት ግን ከገበያው ጋር ወጥቷል። ክፍያው የሚሰላው ድርሻዬ ነው በምትለው ንብረት ግምት እንጂ በመቀነቷ ባለው ገንዘብ አይደለም። ብዙ ያጣ ሰው ያጣውን ለማስመለስ ብዙ እንዲከፍል መጠየቁ ለብዙዎች ፍትሐዊ መስሎ አይታይም፤ የደሃ ደንብ የተቀመጠውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በደሃ ደንብ መክሰስ

ከአንቀጽ 467 እስከ 479 ያሉት ድንጋጌዎች የዳኝነት ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ለመክፈል የሚበቃ ሀብት የሌለው ሰው ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳሉ። «ደሃ» የሚለው ቃል በዚህ ቦታ ከልመና ጋር አይያያዝም። የራሱ ጎጆ ያለው፣ ሠርቶ የሚበላ ሰውም የተጠየቀውን የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካቃተው ሊጠቀምበት ይችላል።

አመልካቹ የክሱን ፍሬ ነገር ከሚገልጸው ጽሑፍ ጋር ያለውን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ ያቀርባል። በተግባር ከሚኖርበት ወረዳ የድህነት ማስረጃ ማምጣትም የተለመደ ነው። የንብረት ዝርዝሩ በአርሶ አደር ቤት ጥንቃቄ ይሻል። ላሟ፣ በጎቹ፣ አህያው፣ በጓሮ የቆመው ባሕር ዛፍ ሁሉ ንብረት ነው። ያልተቆረጠ ዛፍ ገንዘብ አይመስልም ብሎ የተወው ሰው በኋላ ንብረት ደብቋል ሊባል ይችላል፤ ማመልከቻው ለተከሣሹ ወገን ስለሚደርስና ተከሣሹም ድህነቱን ተቃውሞ ማስረጃ ማቅረብ ስለሚችል፣ በተለይ በዘመዳሞች ክርክር የተደበቀ ነገር ተደብቆ አይቀርም።

ፍርድ ቤቱ አመልካቹን መርምሮና የሁለቱን ወገን ማስረጃ ሰምቶ ይወስናል። ንብረቱን በተንኮል ለሌላ ያስተላለፈ፣ የመክሰስ ምክንያት የሌለው፣ ወይም በክርክሩ ውጤት ላይ ለሌላ ሰው ጥቅም የሚሰጥ ውል የገባ አመልካች ጥያቄው ውድቅ ይሆንበታል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ «ጉዳይህን ልያዝልህ፣ ከተፈረደልህ እንካፈላለን» ከሚል ደላላ ጋር የተስማሙ ሰዎችን ይመለከታል። ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው ከፍሎ የመክሰስ መብቱ አይነካም።

ብዙ ሰው በስህተት የሚረዳው ነገር ቢኖር የደሃ ደንብ ክፍያውን ጨርሶ ያስቀራል የሚለው ነው። በመሠረቱ ክፍያው ይቆያል። ከሣሹ ከረታ የዳኝነት ክፍያው ተሰልቶ ክፈል ከተባለው ወገን ይወሰዳል፤ ከተፈረደው ንብረትም ላይ ቀዳሚ ዕዳ ሆኖ ይታሰባል። ከተረታ ደግሞ ከሣሹ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። በክርክሩ መካከል አቅም እንዳለው ከታወቀም ፈቃዱ ይነሣል።

ክፍያ የማይጠየቅባቸውና የተዘነጉት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኞችና የሠራተኛ ማኅበራት ለሚያቀርቡት የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንዳይጠየቅ ደንግጓል። ስለዚህ ደመወዙ የተያዘበት የግንባታ ሠራተኛ የደሃ ደንብ ማመልከቻ አያስፈልገውም። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ ውስጥ የለችም። አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ ስላደረገው፣ ደመወዟ ያልተከፈላት የቤት ሠራተኛ የምትከራከረው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ መክፈል ካልቻለችም በደሃ ደንብ ማመልከት ይኖርባታል። ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ ከሚያገኙት መካከል ያለችው ሠራተኛ ረጅሙን መንገድ እንድትሄድ መደረጓ የሕጉ ትልቅ ጉድለት ነው።

መሬታቸው ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደባቸው ሰዎች በካሣው ላይ ያላቸው ቅሬታ ደግሞ ከፍርድ ቤት አይጀምርም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መጀመሪያ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ዘልሎ ገንዘብ ከፍሎ ክስ መክፈት ልፋት ብቻ ይሆናል።

በየካም ሁለት ዓይነት ምድብ ችሎት መኖሩን መለየት ይገባል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮችን ያያል። የቀበሌ ቤት፣ የይዞታና የወራሽነት ማስረጃ ጉዳዮች በአብዛኛው የከተማው ፍርድ ቤት ናቸው።

ጠበቃውን ማን ይከፍለዋል?

ክፍያው ቢቀር ጠበቃ ይቀራል። በወንጀል የተከሰሰና አቅም የሌለው ሰው ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ይደነግጋል። ይህን የሚፈጽሙት ደመወዛቸው ከመንግሥት በጀት የሚከፈል ተከላካይ ጠበቆች ናቸው። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የፍርድ ሂደትም ለብዙ ተከሣሾች የቆሙት እነርሱ ነበሩ።

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ዋስትና የለም። ክፍተቱን የሚሞላው በከፊል የጠበቆች ግዴታ ነው፤ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዟል። የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ከየካ ለሚነሣ ሰው ስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴቶች የምክርና የጥብቅና ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የውጭ ገቢ በ10 በመቶ የገደበው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሥራውን ክፉኛ አዳክሞት ነበር፤ ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል።

የደሃ ደንብ ነጻ የሚያደርገው ከዳኝነት ክፍያ ነው። ማመልከቻ ማጻፊያ፣ ኮፒ፣ የትራንስፖርትና የምስክሮች ወጪ በባለጉዳዩ ላይ ይቀራሉ። ይሁንና ከአንቀጽ 462 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ረቺው ወጪና ኪሣራውን ከተረቺው እንዲጠይቅ ስለሚፈቅዱ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊው ጀምሮ የተከፈለበት ደረሰኝ ሁሉ ተጠብቆ እስከ ፍርዱ ቀን መቆየት ይኖርበታል።