ቀንበሩና ምንጣፉ

የሂሳብ አስተማሪያችን ከደቡብ ሕንድ የመጡ ሰው ነበሩ። በእኛው የዘመን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ሕንዳዊ መምህር የሌለበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበርና ይህ ማንንም አያስደንቅም። እኛን ያስደንቀን የነበረው ሌላ ነው። ጧት በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ በቤታቸው በረንዳ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ እግራቸውን አጣጥፈው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገውና ዓይናቸውን ጨፍነው ከድንጋይ እንደ ተጠረበ ምስል ሳይነቃነቁ ተቀምጠው እናያቸዋለን። አንዳችን “ለፀሐይ እየሰገዱ ነው” ይላል፤ ሌላው “ቁጭ ብለው ተኝተዋል” ይልና ያሳስቀናል።

አንድ ቀን ከመካከላችን ደፋር የነበረው ልጅ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ፣ “ሰር፣ ጧት ጧት በረንዳ ላይ የሚያደርጉት ምንድን ነው?” ሲል ጠየቃቸው። ጠመኔያቸውን አስቀመጡና በመስኮቱ ወደ ውጭ አመለከቱ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርስ ነበር። “ያንን ነው የማደርገው” አሉን። “የእኔ በሬ ግን ገና ያልተገራ ወይፈን ነው፤ ጧት ጧት ልጠምደው እሞክራለሁ።” ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። እኔም ሣቅሁ።

ከአርባ ዓመት በኋላ በአሜሪካ አንድ ሐኪም በታክሲ መሪ ላይ ብዙ ዓመት ጎብጦ የኖረውን ወገቤን መርምሮ “ዮጋ ሞክር” አለኝ። ሄድሁ። ግድግዳው መስተዋት በሆነ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ያህል ሰዎች በላስቲክ ምንጣፍ ላይ ይዘረጋሉ፤ ይታጠፋሉ። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል። በመጨረሻም ወጣቷ አሠልጣኝ እጆቿን አጋጥማ በሳንስክሪት ሰላምታ ሰጥታ አሰናበተችን። ወገቤ ተሽሎታል፤ ይህን ብክድ ውለታ መርሳት ይሆንብኛል። ነገር ግን ከአዳራሹ ስወጣ “በሬው የት ሄደ?” የሚል ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ። ይህ ጽሑፍ ከዚያን ቀን ወዲህ ያነበብሁትና ያሰላሰልሁት ፍሬ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በቃሉ እንጀምር። “ዮጋ” ከሳንስክሪቱ “ዩጅ” ከሚለው ሥር የወጣ ሲሆን፣ መጥመድ፣ ማሰር፣ ማጣመር ማለት ነው። መምህራችን ወደ ገበሬው ያመለከቱት እንዲሁ ለጨዋታ አልነበረም ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የራሳችን ግዕዝ ነው። “ፀመደ” ማለት በሬን በቀንበር አጣመረ ማለት ሲሆን፣ መነኩሴ በጾምና በጸሎት ሲተጋ “ተፀምዶ” ይባላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ዝምድናው የበሬው ነው። በጋንጅስ ሸለቆም ሆነ በእኛ ደጋ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሕዝብ፣ የሚባዝነውን ልቡን ሊገዛ ሲነሣ የሚያውቀውን ዕቃ፣ ቀንበሩን፣ አነሣ።

ሐሳቡ በሕንድ እጅግ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደ ተጻፈ ብዙዎች የሚስማሙበት ካታ ኡፓኒሻድ፣ ናቺኬታ የተባለ ወጣት ከሞት ጋር ተነጋግሮ የተማረውን ይተርካል። ሥጋ ሠረገላ ነው፤ ስሜቶች ፈረሶቹ ናቸው፤ አእምሮ ልጓም፣ ማስተዋልም ነጂው ነው። ተሳፋሪው ደግሞ ነፍስ ነው። ልጓሙን ያልያዘ ሰው ካሰበበት አይደርስም።

በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት ግድም ፓታንጃሊ በሚባል ሊቅ ስም የተጠናቀረው ዮጋ ሱትራ ይህን ትምህርት በሥርዓት አስቀመጠው። መጽሐፉ ከ200 የማይሞሉ እጅግ አጫጭር አናቅጽ አሉት። መንገዱን በስምንት ክፍል ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ከሰው ጋር ያለ ምግባር ነው፤ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ንጽሕና መጠበቅና ለንብረት አለመስገብገብ። ሁለተኛው ከራስ ጋር ያለ ሥርዓት ነው። ሦስተኛው አቀማመጥ፣ አራተኛው አተነፋፈስን መግዛት፣ አምስተኛው ስሜቶችን ከውጭው ዓለም መሰብሰብ ነው። ከዚያ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ በዚያው ሳያቋርጡ መጽናት፣ በመጨረሻም ሳማዲ የሚሉት ፍጹም ተመስጦ ይከተላሉ።

ዛሬ በዓለም ሁሉ “ዮጋ” የሚባለው የአካል አቀማመጥ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የያዘው ቦታ ሦስት አናቅጽ ብቻ ነው። እነርሱም የሚሉት በአጭሩ፣ ተቀማጩ ሳይናወጥና ሳይጨነቅ እንዲቀመጥ ነው። የመንገዱ ፍጻሜ ደግሞ “ካይቫልያ” ይባላል፤ ቃሉ “ብቸኛ” ከሚል የተገኘ ነው። የሚያየው ነፍስ ከሚታየው ሁሉ ተለይቶ፣ ራሱን ከሐሳቡና ከሥጋው ጋር ማምታታቱን ትቶ፣ ብቻውን ጠርቶ ይቀራል። “ባሕታዊ” የሚለው የእኛ ቃል ከ“ባሕቲቱ”፣ ብቻውን፣ የመጣ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንበትም። በመንገዱ ላይ ልዩ ልዩ ተአምራዊ ኃይል ሊገኝ እንደሚችል የሚተርከው ይኸው መጽሐፍ፣ በዚያ የሚደሰት ሰው መሰናክል እንደ ገጠመው ይቍጠረው ሲል ያስጠነቅቃል።

እንዲህ ሲባል ግን “ጥንታዊው ዮጋ” አንድና የማይለወጥ ነበር ማለት አይደለም። በእኔ ግምት ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሃታ ዮጋ የሚባለው፣ ኃይልና ጥረት የሚጠይቀው ሥርዓት በጽሑፍ ብቅ አለ። ከቀደምቶቹ መጻሕፍት አንዱ አምሪታሲዲ ሲሆን፣ የዘመናችን ተመራማሪዎች እንደ ደረሱበት የተጻፈው በቡድሂስቶች መካከል ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ስቫትማራማ ያዘጋጀው ሃታ ፕራዲፒካ 15 አቀማመጦችን ይዘረዝራል፤ ስለ እስትንፋስና በአከርካሪ ውስጥ ስለሚወጣ ስውር ኃይል በሰፊው ያስተምራል። ሆኖም ገና ከመነሻው ሃታ ወደ ላይኛው ዮጋ መውጫ መሰላል መሆኑን ይናገራል። መሰላል መውጫ ነው፤ ማደሪያ አይደለም።

የፓታንጃሊ መጽሐፍም ዕጣው እንደምናስበው አልነበረም። አል ቢሩኒ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ዐረብኛ መልሶት ነበር። በኋለኞቹ ዘመናት ግን በሕንድ ምድር የሚያጠናው ሰው እያነሰ ሄደ። በ1823 እንግሊዛዊው ሄንሪ ቶማስ ኮልብሩክ ስለ እርሱ ከጻፈ ወዲህ ነው የአውሮፓ ሊቃውንት ዓይን የተመለሰበት። በዚያው ዘመን ቅኝ ገዢው የሕንድን ዮጊ የሚያውቀው በመንገድ ዳር ሰውነቱን እያጣመመ የሚለምን፣ አልያም በቤንጋል የኢስት ኢንዲያ ኩባንያን ወታደር በጦር መሣሪያ የተቋቋመ ወሮበላ አድርጎ ነበር። የተማረው ሕንዳዊም በዚህ ሰው ማፈር ጀመረ።

ስዋሚ ቪቬካናንዳ መስከረም 11 ቀን 1893 በቺካጎው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ሲቆም ያንን ኀፍረት ተሸክሞ ነበር። የካልካታ ልጅ ነው፤ ገና 30 ዓመቱ። በ1896 ባወጣው ራጃ ዮጋ በተሰኘ መጽሐፉ የፓታንጃሊን ትምህርት ለምዕራቡ አንባቢ አቀረበ። የአካል አቀማመጡን ግን ለመንፈስ ዕድገት ብዙም አይረባም ብሎ ወደ ጎን ተወው። እንግዲህ ዮጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ በሰፊው ሲገባ ምንጣፍ አልያዘም ነበር። የመጣው እንደ ፍልስፍናና እንደ ተመስጦ ነው። በ1920 ቦስተን የደረሰው ፓራማሃንሳ ዮጋናንዳም የሰበከው በይበልጥ ይህንኑ ነው።

ምንጣፉ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ “ደካማ ሕዝብ” እየተባለ የተሰደበው ሕንዳዊ ሰውነቱን ለማጠንከር ተነሣ። በ1924 ስዋሚ ኩቫላያናንዳ በሎናቭላ ባቋቋመው ተቋም የዮጋን ልምምድ በራጅና በደም ግፊት መለኪያ መመርመር ያዘ። በእነዚሁ ዓመታት የአውንድ ግዛት ራጃ “ለፀሐይ ሰላምታ” የሚባለውን ተከታታይ እንቅስቃሴ እንደ አካል ማጎልመሻ አስፋፋ። በማይሶር ደግሞ ማሃራጃው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራው። ይህ ሰው የሳንስክሪት ሊቅና የቪሽኑ ትጉህ አማኝ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያስተማረው ግን ብርቱ የአካል ልምምድ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ወጣቶች ነበሩና፣ ጌታውም ትርኢት ይወድ ነበርና። ከእርሱ የተማሩት ሦስት ሰዎች ዓለምን ለወጡ። ኢንድራ ዴቪ በ1947 በሆሊውድ ማስተማሪያ ከፈተች። በልጅነቱ ሕመምተኛ የነበረው ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር በ1966 ባወጣው መጽሐፍ 200 ያህል አቀማመጦችን በፎቶግራፍ አሳየ። ፓታቢ ጆይስም ከማይሶር ሆኖ የምዕራቡን ወጣት አስተማረ።

የአሜሪካ ሕግም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ሕንዳዊው ባጋት ሲንግ ቲንድ “ነጭ” ስላልሆነ ዜጋ ሊሆን አይችልም ሲል ፈረደ። በ1924 የወጣው ሕግ ደግሞ የእስያን ሰው አገደ። በሩ በሰፊው የተከፈተው በ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ ከዚያ በኋላ መምህራኑ ጎረፉ። ለእኛ ትውልድ ይበልጡን የጠቀመን የ1980ው የስደተኞች ሕግ ቢሆንም፣ እኛም በዚያው በር ከገቡት ውስጥ ነን። ስለዚህም የዮጋን ታሪክ ሳነብ የሌላ ሕዝብ ታሪክ ብቻ መስሎ አልታየኝም። ስደተኛ ዕውቀት በሰው አገር ምን እንደሚገጥመው የሚናገር ታሪክ ነው።

እንግዲህ “ነጮቹ ዮጋን ሰርቀው አበላሹት” ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይሰፋል። አካሉን ወደ ፊት ያመጡት በይበልጥ የሕንድ መምህራን ራሳቸው ናቸው። የተዋረደ ሕዝብ ክብሩን ፈለገ፤ የእንግዳ ተቀባዩ አገርም ጤናን እንጂ ምናኔን አልጠየቀም። ሻጩ ገዢው የሚጠይቀውን አወጣ። ደግሞም ቅርጹ ከጥንት ጀምሮ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ዋሻው፣ ገዳሙ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ አዳራሹ ሁሉም ተፈራርቀዋል። በቀደሙት ለውጦች ሁሉ ግን አንድ ነገር አልተጣለም ነበር፤ “ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?” ለሚለው የሚሰጠው መልስ። ለስሙ የሚደረገው ትርጓሜ፣ ለነፍስ የሚታሰበው ዕጣ ቢለያይም፣ ሁሉም ነጻ መውጣትን ይሹ ነበር። በእኛ ዘመን አዳራሽ ውስጥ የጎደለው አቀማመጡ አይደለም፤ ይህ መልስ ነው። ከመልሱም ጋር ደቀ መዝሙሩን በስሙና በጠባዩ የሚያውቀው መምህር ጎድሏል።

ይህን ስናገር አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ደንግጦ፣ “ወንድሜ፣ ይህ ባዕድ አምልኮ አይደለምን?” አለኝ። ጥያቄውን አላቃለልሁትም። መንገዶቹ አንድ ናቸው አልልም። ፓታንጃሊ የሚናገርለት ጌታ ፈጣሪ አይደለም፤ የመንገዱ ፍጻሜም ነፍስ ብቻዋን መቅረቷ ነው። የእኛ አባቶች ግን ብቻቸውን የሚሆኑት ከአምላካቸው ጋር ለመሆን ነው። ይህን ልዩነት የሚያደበዝዝ ሰው ለሁለቱም አክብሮት የለውም። ለወዳጄ የመለስሁለት ግን ሌላ ነገር ነበር። “ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን፣ መጻሕፍተ መነኮሳትን ማለቴ ነው፣ ለልጆችህ አንብበህላቸው ታውቃለህ?” አልሁት። ዝም አለ። እኔም ያነበብሁት ወደ ሕንድ መጻሕፍት ዞሬ ከተመለስሁ በኋላ መሆኑን አልደበቅሁትም።

ኅዳር 2016 ማብቂያ ላይ የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰበ። በዚያ ጉባኤ የሕንድ ዮጋና የእኛው የገዳ ሥርዓት በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ዜናውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ጥቂትም ፈራሁ። መዝገብ ስምን ይጠብቃል፤ በሬውን ግን አይጠምድም። እርሱን የሚጠምደው ሰው ነው፣ በየማለዳው።

በሳሎኔ ግድግዳ ላይ ከአባቴ የወረስሁት መቋሚያ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። የልጅ ልጄ አንድ ቀን “አባባ፣ ይህ ምን ያደርጋል?” ብሎ ጠየቀኝ። “ጌጥ ነው” አልሁት። አፌ ላይ ያለው ቃል ገና ሳያልቅ መስተዋታሙ አዳራሽ ትዝ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚጸልይ ሰው ድካም የተሠራውን ዕቃ ጌጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልሰረቀኝም። መቋሚያውን አወረድሁና በልጁ እጅ አስያዝሁት፤ ርዝመቱ ከራሱ በላይ ሆነበት። አያቱ በእርሱ ተደግፈው ስንት ሰዓት ይቆሙ እንደ ነበር፣ ለማንና ለምን ይቆሙ እንደ ነበር፣ የማውቀውን ያህል ነገርሁት። የማውቀው ጥቂት ነበር። የሂሳብ አስተማሪያችን ቢሰሙኝ ምናልባት ፈገግ ብለው ወይፈኑ ገና አልተገራም ይሉኝ ነበር።