አቦሸማኔን በቤት ማኖርና ሕጉ

ከአፍሪካ ቀንድ ተይዞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሸጥ የአቦሸማኔ ግልገል ሦስት ዓይነት ሕግ ይመለከተዋል፦ የተያዘበት አገር ሕግ፣ ድንበር ሲሻገር የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት እና የገዢው አገር ሕግ። ወሳኙ የመጨረሻው ነው፤ ገዢ እስካለ ድረስ አጥማጅ አይጠፋምና።

ሳይተስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ላይ ሲውል አቦሸማኔን በአባሪ አንድ መድቧል። ለጥቂት የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ከተፈቀደው ውስን ኮታ በስተቀር፣ ከዱር የተያዘ አቦሸማኔ ለንግድ ድንበር መሻገር አይችልም። ይሁንና ስምምነቱ አባል አገሮች እንዲቀጡ የሚያዘው ንግዱን ወይም ይዞታውን፣ አለዚያም ሁለቱንም ነው። ይህ «ወይም» ብዙ አበላሽቷል። ይዞታን የማይከለክል አገር ውስጥ አንዴ የገባ ግልገል ከዱር መምጣቱን ማረጋገጥ እጅግ ከባድ ነው፤ ባለቤቱ በእርባታ የተገኘ ነው ካለ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ከሳሽ ላይ ይወድቃል።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 በዱር እንስሳት ላይ ለሚፈጸም ሕገወጥ ድርጊት ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ይደነግጋል። እስራቱ ቀላል አይደለም። መቀጮው ግን በሺዎች ዶላር ከሚሸጠው ግልገል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ነጋዴን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሊሻሻል ይገባዋል።

የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የፌዴራል ሕግ ቁጥር 22 አደገኛ እንስሳትን በግል መያዝ ከልክለው ለእንስሳት ማቆያዎች፣ ለምርምርና ለእርባታ ማዕከላት ብቻ ፈቅደዋል። አቦሸማኔ ይዞ አደባባይ የወጣ ሰው እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ ይጠብቀዋል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባጸደቀችው ሕግ ተመሳሳይ ክልከላ ጥላለች።

ሕጎቹ ደካማ የሚሆኑት ከተያዘ በኋላ ያለውን እንስሳ በሚመለከት ነው። ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ማደን ይማራል። ጡት ሳይጥል ተነጥቆ በፍየል ወተትና በአጥንት የለሽ ሥጋ ያደገ ግን በካልሲየም እጥረት እግሩ ይጎብጣል፤ ዱር ቢለቀቅም ራሱን መመገብ አይችልም። ሳይተስ የተወረሰ እንስሳ ወደ መጣበት አገር ወይም ወደ ማገገሚያ እንዲላክ ይደነግጋል። በኢትዮጵያ በሆለታ አቅራቢያ ያለው እንስሳ ኮቴ ማገገሚያ ከሕገወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ይቀበላል። የዕድሜ ልክ ቀለባቸውን ወጪ ግን አዋጁ በጥፋተኛው ላይ አልጣለም።