ደም መልስ

በተለምዶ ሁሉንም «ደም ሥር» እንላለን፤ የተቆጣ ሰው አንገት ላይ የሚገተረውንም፣ ነርሷ ክንዳችንን በላስቲክ አስራ «ጨብጥ» እያለች የምትፈልገውንም። የሳይንስ መጻሕፍት ግን ለሁለት ይከፍሉታል፦ ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ። ሥራውን በስሙ የሚናገር ቃል ደስ ይለኛል። ቆዳችን ሥር አረንጓዴ መስሎ የሚታየው ሁለተኛው ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከእግር ሽቅብ ሲወጣ የባት ጡንቻና ቫልቮች ያግዙታል።

አንዱ ደም መልስ ግን ከስሙ ያፈነግጣል። ከአንጀት የሚነሳው በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ ከምግብ የተገኘውን ይዞ መጀመሪያ ጉበት ይገባል። የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ሰው ይህን መንገድ ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ የቢልሃርዚያ ትል የሚሰፍረው በዚሁ ደም መልስ መንገድ ላይ ነውና። ከሐይቁ ቀንድ አውጣ የወጣው እጭ በዓሣ አስጋሪው ወይም በሚዋኘው ልጅ ቆዳ ይገባል። ከደሙ ጋር በልብና በሳንባ ዞሮ ጉበት ውስጥ ያድግና ወደ አንጀት ደም መልሶች ይወርዳል። ትሏ ከምትጥለው እንቁላል ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ ከፊሉን ደሙ ጠርጎ ጉበት ላይ ይከምረዋል። በዓመታት ጉበቱ ሲጠጥር ደሙ መግቢያ ያጣል፤ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ዙሪያ ባሉ ስስ ሥሮች መሹለክ ይጀምራል። እነሱ አብጠው ሲፈነዱ ሰውየው ደም ያስታውካል።

ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ትሉን ይገድላል። ክኒኑን የዋጠ ልጅ ግን እዚያው ውኃ ተመልሶ ከገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል።