ከሐሩ በስተጀርባ

ሲድኒ ሉሜት የአጋታ ክሪስቲን «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» እ.ኤ.አ. በ1974 ለፊልም ያበቃው በሐርና በላባ አሸብርቆ ነው። አልበርት ፊኒ መርማሪውን ፑዋሮን ሆኖ፣ ሪዙን አሹሎ ብቅ ሲል ተመልካች ፈገግ ይላል። የእኔ ዓይን ግን ከመክፈቻው አልነቀል አለ። መጽሐፉ ከግድያው በኋላ የሚገልጠውን ሉሜት አስቀድሞታል፤ ገና ባቡሩ ሳይታይ ሕፃን ታፍና ትወሰዳለች።

ክሪስቲ ልብ ወለዱን ያሳተመችው በ1934 ነው። አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን የተሻገረው የሊንድበርግ ልጅ ታፍኖ የተወሰደው፣ ሞቶም የተገኘው በ1932 ነበር። በሕፃኑ አያቶች ቤት ታገለግል የነበረችው ቫዮሌት ሻርፕ ፖሊስ በጥያቄ ሲያጣድፋት መርዝ ጠጥታ ሞተች፤ በወንጀሉ እጇ አልነበረበትም። በልብ ወለዱም ያለ ጥፋቷ የተጠረጠረች ገረድ ራሷን ታጠፋለች። ፊልሙ ለእሷ የሰጣት ጥቂት ቃላት ነው፤ ለባርኔጣዎቹ ግን ጊዜ አልቆጠበም።